የእሳቱ ማግስት

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ላይ ከባጃጅ ስወርድ የሚነድ የማሽላ አገዳ ጭስ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ ሻንጣዬን መንገድ ዳር አስቀምጬ ቆምኩ። ትርንጎ ትዝ አለችኝ።

ትርንጎ የሸክላ ሠሪዋ የእትዬ ዘነቡ ልጅ ነበረች፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። እትዬ የምላቸው ዛሬ ነው እንጂ ያኔ ሰፈሩ በሙሉ፣ ትንሽ ትልቁ፣ "አንቺ" ነበር የሚላቸው። በሠሩት እንስራ ውሃ ይጠጣል፤ ከቤታቸው ግን አይጠጣም።

አምስተኛ ክፍል ሳለን ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ጄኔሬተር ጭነው ትምህርት ቤታችን መጡ። መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጋርደው፣ በዚያ የቆላ ሙቀት እንደ ድንች እየተቀቀልን፣ በነጭ አንሶላ ላይ የእንግሊዝ ከተማ በጦርነት ስትነድና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲሯሯጡ አየን። እንግሊዝኛው ስላልገባን አስተማሪያችን ያስረዱናል፤ ይሄ የባለጸጋ ልጅ ነው፣ ያ የወደብ ተሸካሚ፣ ስልክ የምታነሳዋ ደግሞ ልብስ ሰፊ። ሁሉም አንድ ቱቦ ይይዛሉ፣ ሲደክማቸውም ከአንድ ኩባያ ሻይ ይቀባበላሉ። ከኋላ ቆመው የሚያዩት ጨርቅ ነጋዴው ሀጂ አላስቻላቸውም።

"ወላሂ፣ ጌታና ሎሌ ባንድ ኩባያ!"

"እሳት ጌታና ሎሌ አይለይም፣ ሀጂ" አሉ አስተማሪያችን።

ትርንጎ በደስታ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ፊልሙ ለእሷ የተሠራ ሳይመስላት አልቀረም።

ማሽላው በተከመረበት ወር የአባቴ ክምር ተያያዘ። እናቴ እሪ ስትል እስላሙም ክርስቲያኑም ከሮቢ ወንዝ እስከ አውድማው ተሰልፎ እንስራ መቀባበል ያዘ፤ እንስራው ሁሉ የእትዬ ዘነቡ እጅ ሥራ ነው። ትርንጎ ለእኔ ታቀብላለች፣ እኔ ለአክስቴ፣ የማን ልጅ ናት ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ከክምሩ እኩሌታው ተረፈልን። ልክ እንደ ፊልሙ ሆነ ብዬ ፈነደቅሁ።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ አባቴ እሳቱን ለማጥፋት የረዳንን ሰው ሁሉ ጠርቶ አበላ። እትዬ ዘነቡና ትርንጎም መጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጡ፤ ግቡ ያላቸው የለም። እናቴ እንጀራውን ጉሎ ቅጠል ላይ አድርጋ "ውሰጂላቸው፣ ሳህን እንዳትሰጪ" አለችኝ። ወሰድኩ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው! ትርንጎ ቅጠሉን አየች፣ እኔን አየች።

"ትናንት እንስራውን ስትቀበይኝ እጄ ንጹሕ ነበር?"

ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ከዘመዶቼ ጋር ገበታ ቀርቤም በላሁ።

ሰኞ ወንበር ቀየረች። ዓመቱ ሳያልቅ ከነእናቷ ወደ ማጀቴ ከተማ ሄዱ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አይቻትም፣ ስለ እሷ ሰምቼም አላውቅም። ዛሬ ያ ልማድ ቀርቷል ይሉኛል፣ ደግ ነው። እኛ ግን ያን ዓመት እስከ ክረምት ከተረፈው ማሽላ በላን። ትርንጎ እህላችንን ከእሳት አወጣችልን፤ እኔ አንድ ሳህን ነፈግኳት።