ከላሜራው ማዶ ያለው ሰው

ዊልበር ክሮል ጉልምስናውን በሙሉ መዶሻ ይዞ ነው የኖረው። ደላዌር ወንዝ ዳር ባለው የመርከብ ግቢ የጋለ የብረት ችካል እየቀጠቀጠ ላሜራን ከላሜራ ያያይዛል። ሥራው ግን የብቻ አይደለም። አንዱ ችካሉን በእሳት ያግላል፣ ሌላው ቀዳዳው ውስጥ ይከታል፣ ዊልበር ከወዲህ ይመታል፣ ዶሚኒክ ፋሬላ ደግሞ ከላሜራው ማዶ በከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ከአራቱ አንዱ ከቀረ ሦስቱም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ልማዱ ነው።

ዊልበርና ዶሚኒክ ሲሠሩ አይተያዩም፤ የጦር መርከብ ግድግዳ በመሃላቸው አለ። ዊልበር ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ ከማዶ ሁለት ጊዜ ሲመለስለት ይጀምራል።

ከታላቁ የዓለም ጦርነት በኋላ አንዲት ግዙፍ መርከብ ጀመሩ። ግማሽ ሳትደርስ ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት የጦር መርከብ እንቀንስ ብለው ተፈራረሙ፤ አሜሪካም የጀመረቻቸውን ልታፈርስ ቃል ገባች። ግቢው ጭር አለ። ችካል የሚያግለውና የሚከተው ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ገቡ። ካቦው ዊልበርን ጠርቶ፣ “ለማፍረሱ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ በጋዝ ይቆርጣል፣ አንዱ ማዶ ሆኖ እሳት እንዳይነሳ ይጠብቃል። ዶሚኒክን ይዘህ ና” አለው።

እሑድ ዶሚኒክ ምሳ ሊበላ መጣ። ጆሮው በመዶሻ ጩኸት ስለደከመ ሁልጊዜ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው።

“የሠራኋትን መርከብ እኔው ላፍርሳት?”

“ብረት እኮ ናት” አለ ዊልበር።

“ላንተ ብረት ናት። አንተ ስትቀጠቅጣት አቅፌ የያዝኳት እኔ ነኝ።”

የዊልበር ሚስት አግነስ ኮምጣጣውን ጎመን እየጨለፈች፣ “ወንድሜንም እናቴ አቅፋ ነበር ያሳደገችው” አለች። ታናሽ ወንድሟ ፈረንሳይ አገር ጦር ሜዳ ቀርቷል። “አንዲት መርከብ ስትፈርስ አንድ ልጅ ይተርፋል ካሉኝ በዚህ ቢላዬ እገዘግዛታለሁ።”

“ሰላምን ማን ጠላ፣ አግነስ? በኛ ጉሮሮ ላይ መቆሙ ነው የገረመኝ።”

ዶሚኒክ ሳህኑን ሳይጨርስ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ዊልበር ሁለቱም ልክ መሰሉት፤ ይህ ነው የከበደው። አግነስን ማሳዘን አይችልም። ብቻውን ሥራ ከገባ ደግሞ ዶሚኒክ ዳግመኛ ደጁን የሚረግጥ አልመሰለውም። ቢሆንም በማግስቱ ገባ። ሌላ ሰው ስላልተገኘ ካቦው ራሱ እያጉረመረመ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዞ ማዶ ቆመ።

ዊልበር እሳቱን ከመለኮሱ በፊት እጁ ሳያስበው ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ዝም። ደገመው።

“ምን ታንኳኳለህ?” አለ ካቦው። “ዘመድ ጥየቃ መጣህ እንዴ? ቁረጥ!”

ቆረጠ። የገዛ ችካሎቹ ራስ አንድ በአንድ እግሩ ሥር ወደቀ። ዋሽንግተን ላይ በብዕር ያለቀው ነገር እዚህ ገና መጀመሩ ነው።

ማታ በዶሚኒክ ደጅ ሲያልፍ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሊለምነው አልደፈረም።

“ዛሬ አንኳኳሁ” አለው ብቻ።

“ማን መለሰልህ?”

“ማንም። ማዶ ባልዲ ይዞ የቆመው ካቦው ነው።”

“ካቦው ባልዲ መያዝ ይችልበታል?”

“እግሩ ላይ ደፋው።”

“ይበለው” አለ ዶሚኒክ።

ጠዋት ዊልበር፣ እንደማይመለስለት እያወቀ፣ አንኳኳ። ከማዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰለት።

“ባልዲ ነው የያዝኩት!” አለ የሚያውቀው ጩኸት። “ማፍረሱ ያንተ ነው!”

“እሺ፣ ያንተ አይደለም” አለ ዊልበር፤ ዶሚኒክ ይስማው አይስማው አላወቀም።

እስከ ምሳ ድረስ ቆረጠ። ላሜራው ተገንጥሎ ሲወድቅ ብርሃን ገባ፤ ሁለቱ ሰዎች ያን ሁሉ ዘመን አብረው ሠርተው በሥራ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ዶሚኒክ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚቆም ዊልበር ያን ቀን አየ። ባልዲውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር።