ወስፌና ሹክሹክታ

ልጅ ሳለሁ መቱ ውስጥ ሹሩባ የምትሠራኝ ጎረቤት ነበረችን። ፊት ለፊት እትዬ እያልኩ አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ግን አንቱታዬን አታገኝም።

ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ፀጉሬን በወስፌ ጫፍ ስትከፍል፣ ያ ጫር ጫር የሚል ቀጭን ድምፅ ከአናቴ ተነሥቶ ጀርባዬ ድረስ ውርር ያደርገኛል። ቅቤውን በጣቶቿ እያሸች ጆሮዬ ሥር በሹክሹክታ ታወራለች። ዓይኔ ይከደናል፣ እጄ ይዝላል። ያን ጊዜ የጠየቀችኝን ሁሉ እነግራታለሁ።

አንድ ቀን፣ "ኢንተላ ኮ፣ ሰሞኑን ምን አግኝተሽ ነው ፊትሽ የበራው?" አለችኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ከአባቴ ተደብቄ ጅማ ለድሬሰርነት፣ ለሐኪም ረዳትነት፣ ትምህርት ተመዝግቤ ነበር። ሰኞ በቡና ጭነት መኪና ወደ ጅማ እንደምሄድ እንቅልፍ በተጫነው አፌ ዘረገፍኩላት። ሹሩባዬን ተረጋግታ ጨረሰች፤ ግንባሬን ስማኝም ሄደች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ ሰማ።

ሰኞ መኪናው ያለ እኔ ሄደ። በወሩ አባቴን በዕድሜ ለሚያክል ነጋዴ ዳሩኝ። በሠርጌ ላይ ከሁሉ አስበልጣ እልል ያለችው እሷ ነበረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዓመታት አለፉ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጎሬ ቢሮ የሚሠራው አንድ ልጇ ደብዳቤ በላከ ቁጥር የማነብላት እኔ ነበርኩ። "ድምፅሽ ሰውነቴን ያፍታታዋል፤ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ" ትለኛለች። አንዱ ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ "እማዬ፣ ወደ አስመራ ተዛውሬአለሁ። ቅዳሜ ከመነሣቴ በፊት ጎሬ ድረስ መጥተሽ መርቂኝ። ሳትመርቂኝ መሄድ ፈራሁ።"

ሰላምታውን በሹክሹክታ አነበብኩላት። ይህን ግን ዘለልኩት። ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ትከሻዋ ረግቦ፣ ከንፈሯ ተከፍቶ።

"ሌላስ አላለም?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ ነው የሚለው፣ እትዬ።"

እጇን ዘርግታ ራሴን ዳበሰችኝ። "ዕድሜሽን ያርዝመው። መንገድሽን ያቅናልሽ። ከክፉ ይጠብቅሽ" ብላ አንድም ሳታስቀር መረቀችኝ። መዳፎቼን ዘርግቼ አሜን፣ አሜን አልኩ።

ቅዳሜ ልጇ ሳይመረቅ ሄደ። አልተጸጸትኩም።