ከካቡ ውጪ የተቀበሩት ጎረቤታችን

ይህ ነገር የደረሰው በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ከሞላሌ ብዙ በማይርቅ የመንዝ መንደር ስንኖር ነው። ያን ጊዜ ገና ያልተዳርኩ ልጃገረድ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ሃይማኖት ይበልጣል፣ ደግነት ይበልጣል እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ግን የሚታወሰኝ ያ ነገር ነው።

አባቴ የደብራችን ቄስ ነበሩ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸውና ልጆቻቸው በአንድ ክረምት በበሽታ አልቀውባቸዋል። ያኔ ተስለው፣ ጠበል አምጥተው፣ ደጅ ጠንተው ነበር አሉ። ከቀብር መልስ ግን ቤተ ክርስቲያን ረግጠው አያውቁም። በማርያም ቀን ያርሳሉ፣ በጾም እርጎ ይጠጣሉ። ምነው ብሎ የሚጠይቃቸው ሲገኝ፣ “መኖሩን እንጃ። ካለም ያን ጊዜ አልሰማኝም” ይላሉ። ከዚያ በላይ አይከራከሩም።

መንደሩ ፈራቸው። በረዶ ገብሱን ሲመታው “በሱ ጦስ ነው” ተባለ። አባቴም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማንም ከአያ ደምሴ ጋር ማዕድ እንዳይቆርስ በአደባባይ ተናገሩ። እሳቸው ግን ይህን ከሰሙ በኋላም መንገድ ላይ ሲገናኙ አባቴን እንደ ድሮው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት ተስቦ ገባ። መጀመሪያ እናቴ ወደቀች፣ ቀጥሎ እኔ። ተስቦ የገባበት ቤት ደጃፍ ላይ፣ ሰው እንዳይገባ፣ እሾህ ይጣላል። በኛም ደጃፍ ተጣለ። የደብሩ ሽማግሌዎች አባቴን ከበው፣ “እርስዎ ከሞቱ ማን ይቀድስልናል? የሞተውንስ ማን ይፈታልናል?” ብለው ለመኗቸው። አባቴ እያለቀሱ እሺ አሉና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለች ጎጆ ውስጥ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት እሾኹ ሲጎተት ሰማሁ። አያ ደምሴ ናቸው። እንስራ ሙሉ ውሃ ተሸክመው ገቡ። ወንድ ልጅ እንስራ ሲሸከም ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። እሳት አነደዱ፣ የገብስ አጥሚት ሠሩ፣ ያስመለስነውን ጠረጉ። እናቴን እንደ ሕፃን ቀና አድርገው አጠጧት። ከዚያ በኋላ ቀርተው አያውቁም።

አንድ ቀን ትኩሳቱ ጋብ ሲልልኝ፣ “አያ ደምሴ፣ አይፈሩም?” አልኳቸው።

“እፈራለሁ እንጂ።”

“ታዲያ ለጽድቅ ብለው ነው?”

“ጽድቁን ለሚያውቁት ተይው” አሉኝ። “የኔ ቤት ሲታመም የገባ ሰው አልነበረም። እሱን አውቀዋለሁ። በይ ጠጪ።”

አባቴ በየማለዳው እየመጡ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይጸልዩልን ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ እናቴ ከውስጥ “አሜን” ትላለች። መኖራችንን የሚያውቁት በዚያች ቃል ነው። አያ ደምሴ ጸሎት ሲሰሙ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ አባቴ እስኪጨርሱ እንጨት እንኳ አይሰብሩም።

አንድ ጠዋት ግን እናቴ ራሷን ሳተች፤ እኔም ምላሴ ከትናጋዬ ተጣብቋል። አባቴ ጸሎታቸውን ጨርሰው ዝም አሉ። እኛም ዝም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጨረሻውን ደገሙት። አሁንም የሚመልስ የለም። ያን ጊዜ አያ ደምሴ ማንኪያውን አስቀምጠው ወደ በሩ ሄዱና ጮክ ብለው፣ “አሜን” አሉ። ቀጥለውም፣ “አሉ፣ አባ። ሁለቱም በሕይወት አሉ” አሏቸው። አባቴ ከአጥሩ ማዶ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

እናቴም እኔም ተረፍን። እኛ በእግራችን መቆም ስንጀምር አያ ደምሴ ወደቁ።

በሽታው አንዴ ስለለቀቀን ሳንፈራ አስታመምናቸው። እየከፋባቸው ሲሄድ አባቴ ማንንም ሳያስፈቅዱ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። አጠገባቸውም መሬት ላይ ተቀመጡ።

“ደምሴ፣ ንስሐ ግባ። ረጅም ነገር አልጠይቅህም፤ አምናለሁ ብቻ በለኝ።”

“አባ፣ ለመቃብሬ ብዬ ልዋሽዎት?”

“ያን ቀን አሜን ብለሃል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱን እንደ እምነት ልቁጠርልህ?”

አያ ደምሴ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። “እሱማ ለእርስዎ ነበር። እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው።”

አባቴ መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ ማታ ተቀመጡ። አያ ደምሴ ያረፉት በማግስቱ ነው።

ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ፣ “ንስሐ ሳይገባ የሞተ ሰው ፍትሐት የለውም። ከቅጽሩም አይገባም” አሉ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ አንገታቸውን ደፍተው፣ “ሕጉ እንዲያ ነው” አሉ።

በሸንጎ ፊት ተናግራ የማታውቀው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። “ደጄ ላይ እሾህ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሁላችሁም ቆራቢዎች ናችሁ። ያነሣው እሱ ነው። ከቅጽሩ ካልገባ፣ እኔም ስሞት እሱ ያለበት ቅበሩኝ” አለች። ከዚያም ወደ አባቴ ዞራ፣ “እርስዎስ፣ ቄሱ? እኔን በማን እጅ ነው ያገኙኝ?” አለቻቸው።

አባቴ ቀስ ብለው፣ “ፍትሐቱን አላደርስም። ሕጉ የኔ አይደለም፤ እሱም ራሱ አልፈለገውም። መቃብር ለመቆፈር ግን ቅስና አያስፈልግም” አሉ። ጥምጥማቸውን ፈትተው ለእናቴ ሰጧትና ዶማ አነሡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ውጪ፣ ካቡን አስጠግተው መቆፈር ጀመሩ። ገሚሱ ሰው እያጉረመረመ ወደ ቤቱ ሄደ። ገሚሱ ቆሞ ቆይቶ መጣና ዶማውን ተቀበላቸው።

ጸሎት የሌለበት ቀብር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አባቴ መቃብሩ ራስ ላይ ቆሙ። ሊያመሰግኗቸው ፈልገዋል። “ደምሴ፣ እግዜር…” ብለው ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። እኛ አገር ለማመስገን እግዜርን ሳይጠሩ እንዴት ይሆናል? ቢጨንቃቸው፣ “እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ የምልበት ቃል አላውቅም፤ እንዳትቀየመኝ” አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሄዱ።

አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ቀደሱ፤ አጥብቀው ጾሙ። ሰው ከማዕድ ሲለዩ ግን ዳግመኛ አላየሁም። እናቴ አንድ ጊዜ፣ “ደምሴ አሁን የት ይሆን ያለው?” ብትላቸው፣ “አላውቅም። ብቻ በሱ ነገር እኔም የምጠየቅ ይመስለኛል” አሏት።

እኔም አማኝ ነኝ። ጾሜን እጾማለሁ፤ ጉልበቴ ሲፈቅድ አስቀድሳለሁ። እምነት ከንቱ ነው የሚለኝን አልሰማም፤ እናቴ በዚያ ትኩሳት ውስጥ “አሜን” ስትል ምን ያህል እንደምትበረታ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አሁን አርጅቻለሁ፤ አንድ ቀን መተኛቴ አይቀርም። ያን ቀን ማን በሬን ከፍቶ ቢገባልኝ እንደምወድ ብጠየቅ፣ አያ ደምሴን የመሰለ ሰው ነው የምለው። ያምን እንደሆነ አልጠይቀውም።