የእድሩ አግዳሚ እና የቆርቆሮ አጥሬ

አጥሩን ያስረዘምኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ካዛንቺስ ውስጥ ከፈረሳው በተረፈችው መንደራችን አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። በአንድ ጎኗ የእኔ ግቢ፣ በሌላው የመጋዘን ግንብ ነው። ሌባ እንዳይዘልብኝ ብዬ በቆርቆሮው ላይ ሌላ ቆርቆሮ መታሁበት።

ሌባ አልዘለለም። ምን አስዘለለው? መተላለፊያዋ ውስጥ ማንም ሳያየው ይሠራ ጀመር። ስልክ ተነጠቀ፣ ቦርሳ ተነጠቀ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ኪዳን ለማድረስ የወጣችው ባለቤቴ ነጠላዋን ተገፈፈች። ከዚያ ወዲያ ኪዳን ቀረች። ጠዋት ጠዋት ጓዳ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ቤተክርስቲያኑ አዙራ ትጸልያለች። በአጥሩ ነገር አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ይኼ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ሰፈሩን ለማየት ከክፍለ ከተማው አንዲት መሐንዲስ መጣች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።

«አባባ፣ ይኼ አጥር ቢያጥር ጥሩ ነበር» አለችኝ።

«ሌባ እንዲገባ?»

«እርስዎ እንዲያዩ። ማለቴ፣ ሌባ ከቆርቆሮ ይልቅ ዓይን ይፈራል።»

«የእኔ ዓይን ሞራ አለበት።»

«እሱን ሌባው አያውቅም» አለች።

እሺ አላልኩም። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ አዲሱን ነጠላዋን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ስትከት አየኋትና የቆርቆሮ መቀሴን አነሳሁ። አጥሩን እስከ ደረቴ ቆረጥኩት።

መሐንዲሷ ሰው የሚቀመጥበትም ያስፈልጋል ብላ ነበር። የእድራችን ድንኳን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር የሚቀመጠው እኔ ግቢ ነው። አንዱን አግዳሚ ወደ መተላለፊያዋ አውጥቼ በራፌ ላይ ተቀመጥኩበት። ሳስብ የነበረው ሌባውን ነው፤ የእድር ወንበር ምን ሲሆን እንደሚወጣ ረስቼው ነበር።

መጀመሪያ ጎረቤታችን ጥቁር ለብሳ መጣች። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው አንገታቸውን ደፍተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቆይቶ አንደኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«መቼ አረፉ?»

«ማን?»

«ባለቤትህ ናቸዋ። ከኪዳን ከቀሩ ሰነበቱ።»

ይኼኔ ባለቤቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። ጎረቤታችን ደረቷን ልትደቃ ያነሳችውን እጅ ለሰላምታ አደረገችው። ባለቤቴ ነገሩ ሲገባት በሩን ተደግፋ ሳቀች፤ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። ሽማግሌዎቹም «ከመጣን አይቀር» ብለው ወሬ ጀመሩ። በማግስቱም መጡ።

ሰው እንዳይደነግጥ አግዳሚውን አረንጓዴ ቀባሁት። የእድሩ ዳኛ የእድር ንብረት እንዴት ትቀባለህ ብሎ ተቆጣኝ፤ አሁን እሱም ዳሩን ይዞ ይቀመጣል።

ባለቤቴ ኪዳን ጀምራለች። ጎህ ሲቀድ እኛ ጋቢያችንን ተከናንበን አግዳሚው ላይ ነን። ትናንት ስትመለስ ፊታችን ቆም አለች።

«ሁላችሁም እንዲህ ስታዩኝ አረማመዴ ይጠፋብኛል።»

«አጥሩን ልመልሰው?» አልኳት።

«ወግድ» ብላኝ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።