ወተቱ የአዴ ሰኪና

አዴ ሰኪና በዘመናቸው ብዙ ነገር ላይ ብዙ ነገር ጨምረዋል። ወሬ ላይ ጨው፣ ሻይ ላይ ስኳር፤ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ደግሞ እንደ ጠያቂው ሁኔታ አንዳንዴ ይጨምራሉ፣ አንዳንዴ ይቀንሳሉ። ወተት ላይ ግን ውሃ ጨምረው አያውቁም። ይህን አሰላ ያውቃል። የማያውቅ ካለም እሳቸው ራሳቸው ይነግሩታል፤ ሰምቶ እስኪጨርስ ድረስም ከደጃቸው አይለቁትም።

ገዢ ጆጉን ይዞ በራቸው ላይ ሲቆም ወዲያው አይቀዱለትም። መጀመሪያ አንዲት ጠብታ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ጣል ያደርጉና አፍንጫው ሥር ያመጡለታል። ጠብታዋ ድብልብል ብላ ከቆመች ወተቱ ወተት ነው፤ ከፈሰሰች ውሃ ገብቶበታል። የሳቸው ሁልጊዜ ትቆማለች። "የማሚቱን ወተት እንዲህ ብታደርገው እስከ ክርንህ ይወርድ ነበር" ይላሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። ማሚቱ ከታችኛው ሰፈር ወተት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ወተቷ ቀጭን፣ ሳቋ ወፍራም።

ከጠብታዋ ሌላ አዴ ሰኪና አንድ የማይታበል ማስረጃ ነበራቸው፤ ስሙም ሙንተሲር ይባላል። የጎረቤታቸው የነቢላ ልጅ ነው። ነቢላ እሱን እንደወለደች ታማ ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኑ ክር መሰለ። ያኔ አዴ ሰኪና ጠዋትና ማታ ወተት ይዘው ሄዱ፤ ልጁም ተረፈ። ዛሬ ሙንተሲር በር ሲገባ ጎንበስ ብሎ፣ ትንሽም ጠመም ብሎ ነው። እሳቸውም መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ለአላፊ አግዳሚው፣ "እዩት፤ ውሃ የነካው ወተት እንዲህ ያለ ትከሻ ያወጣል?" ይላሉ። ሙንተሲር ነፍስ ካወቀ ጀምሮ በገዛ ትከሻው ሲያፍር ኖሯል።

ይህ ሙንተሲር አዳማ ሆቴል ቤት ሠርቶ ሲመለስ ዋናው መንገድ ላይ "ድሮ በርገር" የሚባል ቤት ከፈተ። ወንበሮቹ ቀይ ቆዳ፣ ወለሉ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ ነው። ጥግ ላይ የማይሠራ የሸክላ ማጫወቻ ተቀምጧል፤ ዘፈኑ የሚመጣው ከስልክ ነው። ይህ ሁሉ የድሮ ዘመን ነው ይባላል። የማን ድሮ እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ አዴ ሰኪና የሚያስታውሱት የአሰላ ድሮ ጭቃና ጋሪ ነበር። ያም ሆኖ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ሰው አጥቶ አያውቅም። ወተቱን የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው፤ ሙንተሲርም ግድግዳው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት "ሚልክሼክ፤ ወተቱ የአዴ ሰኪና" ብሎ አጽፏል። አዴ ሰኪና ቤቱን ገብተው ባያዩትም ስለ ጽሑፉ ሰምተዋል። ከሰሙበት ቀን ጀምሮም አረማመዳቸው ተለውጧል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጉዱን የነገራቸው ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው የቆየ ደንበኛቸው፣ መምህር ፍሰሐ ነው።

"እማማ፣ ትናንት ወተትዎን እዚያ በርገር ቤት ጠጣሁት" አላቸው ጆጉን እየዘረጋ። "በረዶ ጨምረውበት ግሩም ሆኗል።"

"ምን ጨምረውበት?"

"በረዶ።"

"የጭላሎ ተራራ ብርድ አነሳችሁ?" አሉና መቅዳት ጀመሩ። ከዚያ መቅዳታቸውን አቋረጡ። "አንተ የተማርክ ነህ። በረዶ ከምንድነው የሚሠራው?"

መምህር ፍሰሐ በማስተማር ዘመኑ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ ገጥሞት አያውቅም። ፊታቸውን ሲያይ ግን መመለሱን ፈራ፤ ጆጉን ታቅፎ ሄደ።

አዴ ሰኪና በሩ ላይ ቀሩ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ባላቸው አባ ከዲሮ ሲሞቱ የተዉላቸው ሁለት ላሞች ነበሩ፤ ስሙን ግን የሠሩት ብቻቸውን ነው። በድርቁ ዓመት ላሞቹ ሲነጥፉ እንኳ ደንበኛ ባዶ ጆግ ይዞ ይመለስ ነበር እንጂ የቀጠነ ወተት አልወሰደም። አሁን በዚያው ስም ሥር፣ በትልልቅ ቀይ ፊደላት፣ ውሃ እየተሸጠ ነው። ተቆጥተዋል፤ ከቁጣው ግን ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የዒድ ሻሻቸውን አስረው "ድሮ በርገር" ገቡ። ቤቱ ጢም ብሏል። ከሆስፒታል የወጡ ነርሶች፣ ተማሪዎች፣ ቱታ የለበሱ የበቆጂ ሯጮች፤ ሯጮቹ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት በርገር ይዘዋል። ነርሶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለነበር እግራቸው ወለሉን አልነካም፤ ይህም ለጠብ ለመጣ ሰው አይመችም።

አስተናጋጇ "ከቤቱ ነው እማማ" ብላ በርገር አቀረበችላቸው። ከላይ አዩት፣ ከጎን አዩት። አፋቸውን ሊያስተካክሉለት ሞከሩ፤ እምቢ ሲላቸው ክዳኑን አንስተው ሥጋውን ለብቻው በሉ፣ ዳቦውን ለሻይ ይሆናል ብለው በሶፍት ጠቀለሉ። ዓይናቸው ግን ከባንኮኒው አልተነቀለም። እዚያ ሙንተሲር ወተቱን መፍጫው ውስጥ ገለበጠ፣ አይስክሬም ጣለበት፣ ቀጥሎ በማንኪያ ሙሉ በረዶ አፈሰ።

አዴ ሰኪና ከወንበሩ ወረዱ። ሲቆጡ ወደ ኦሮምኛ መሻገር ልማዳቸው ነው።

"ኩን ቢሻን" አሉ በጣታቸው እያሳዩ። ከዚያ ነርሶቹም እንዲሰሙ ደገሙት፤ "ይሄ ውሃ ነው።"

"በረዶ እኮ ነው፣ አዴ" አለ ሙንተሲር።

"በረዶ የደረቀ ውሃ ነው። ወይ ውሃውን አውጣ፣ ወይ ስሜን ከግድግዳው አውርድ።"

ሙንተሲር ያለዚያ ስም ሚልክሼኩ እንደማይሸጥ ያውቃል። "እሺ፣ መጀመሪያ ይቅመሱት" ብሎ ብርጭቆ ሙሉ ሰጣቸው።

እሳቸው የሚያምኑት ጥፍራቸውን ነው። በስትሮው አንዲት ጠብታ አወጡና አውራ ጣታቸው ላይ አደረጉ። ጠብታዋ ቆመች፤ ቆመች ብቻ ሳይሆን እንደ ባቄላ ጉብ አለች። ከሯጮቹ መሃል አንዱ ሳቀ። አዴ ሰኪና ዕድሜ ልካቸውን ያልዋሸ ጥፍራቸውን በቅሬታ አዩትና ላሱት። ከዚያ ከስትሮው አንዴ ሳቡ። ሌላ ጊዜም ሳቡ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ስትሮው ከብርጭቆው ሥር ተንጫረረ።

"ውሃ አለበት" አሉ አፋቸውን እየጠረጉ። "ስሜ ይውረድ።"

ማንም እንዳያሸንፋቸው ደግሞ ማስረጃቸውን ጠሩ። ባንኮኒውን ዞረው የሙንተሲርን ትከሻ መቱ። "ይሄን ትከሻ በውሃ አላወጣሁትም። ነቢላ፣ ተናገሪ፤ እናቱ አንቺ ነሽ።"

ነቢላ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጣለች። አንገቷን ደፋች።

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" አለች ቀስ ብላ። "ይቅር ይበሉኝ፣ አዴ። ያኔ የጤና ጣቢያዋ ነርስ 'የላም ወተት ለጨቅላ ይከብዳል፣ በፈላ ውሃ አቅጥኚለት' አለችኝ። እርስዎ ወጥተው በሩ እስኪዘጋ እጠብቅና እጨምርበት ነበር።"

"ምን ያህል?"

"ግማሽ በግማሽ።"

አዴ ሰኪና ትከሻውን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አዩት። ይህን ያህል ዘመን በየመንገዱ የመሰከሩበት ትከሻ ነው። መጀመሪያ አፈሩ፤ ነርሶቹም ሯጮቹም እያዩዋቸው፣ ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ጋለ። ቀጥሎ ግን ያ ክር የመሰለ የሕፃን ክንድ ትዝ አላቸው፣ ልባቸውም ደነገጠ።

"ብትነግሪኝ እከለክልሽ ነበር" አሉ።

"አውቃለሁ" አለች ነቢላ። "ለዚያ ነው ያልነገርኩዎት።"

አዴ ሰኪና እጃቸውን ከትከሻው ላይ ሳያነሱ፣ "ውሃውን እኔ አልጨመርኩም?" ብለው ጠየቁ።

"ወላሂ፣ እርስዎ አልጨመሩም።"

"እንግዲያው ስሜ ይቆይ። ግን የሁሉም ስም ይጻፍ፤ ሰው የሚጠጣውን ይወቅ።"

በማግስቱ ግድግዳው ላይ በዚያው ቀይ ቀለም ተጨመረ፤ "ወተቱ የአዴ ሰኪና፤ ውሃው የነቢላ።" ሚልክሼኩ ከበፊቱ የበለጠ ተሸጠ። ወሬው ታችኛው ሰፈር ሲደርስ ማሚቱ ወፍራም ሳቋን ሳቀችና፣ "ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሚልክሼክ ስሸጥ ኖሬ ማንም አልነገረኝም" አለች።

አዴ ሰኪና አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይወጣሉ። በደጃቸው አሁንም ጠብታ በጥፍራቸው ያሳያሉ። ሙንተሲርን መንገድ ላይ ሲያገኙትም ትከሻውን መምታት አልተዉም፤ ለአላፊ አግዳሚው የሚሉት ብቻ ነው የተለወጠው።

"እዩት" ይላሉ። "ግማሹ የኔ ነው።"