ሐይቁ ዳር የተማርነው እንግሊዝኛ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ «ሂ ኢዝ ኢቲንግ፣ ሺ ኢዝ ኢቲንግ» እያለ ሲያጠና፣ የሐይቃችን የረጠበ ደንገል ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ገባ። ብቻዬን ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ልንገርህ።

አምስተኛ ክፍል ሳለን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነበረን። እሱ አንድ ነገር የሚሠራ መስሎ ያሳያል፤ እኛ ምን እየሠራ እንደሆነ በእንግሊዝኛ እንናገራለን። አንድ ቀን በእጁ የሌለ ዶማ ጨብጦ መቆፈር ጀመረና ምን እያደረግሁ ነው አለን። እኛ አገር ደግሞ የሚሠራን ሰው ይመርቁታል እንጂ ሥራውን መልሰው አይነግሩትም። ክፍሉ በሙሉ «ያበርታዎት» አለው። መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም። ዓሣ አጥማጁ አባቷ፣ ይህን ያህል ተምረሽ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ካልተናገርሽ ቤት ቁጭ ብለሽ መረብ ብትጠግኚ ይሻላል ብለዋት ነበር። ዓይን አፋር ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። እሷ ከቀረች ያለ እሷ ምን ይውጠኛል ብዬ እኔም ፈራሁ።

በማግስቱ መምህሩ በእውነት የሚሠራ ሰው እንድናይ ሐይቁ ዳር ወሰደን። ውሃው በፀሐይ ያብለጨልጫል። አባቷ ታንኳቸው ላይ ሆነው መረብ ይስባሉ። መምህሩ ወደ እሳቸው እያመለከተ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጓደኛዬን ጠየቃት። እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችና መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ጮኸች።

«አባዬ፣ አላህ ያበርታህ!»

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረች። «ማይ ፋዘር ኢዝ ፊሺንግ።»

አጨበጨብን። አባቷ ወደ ዳር ተጠግተው ምን አለች ብለው ጠየቁ። ዓሣ እያጠመዱ ነው አለች አልናቸው።

«እሱንማ እኔም አውቀው የለ» ብለው ሳቁ። ትንሽ ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አሏት።

ደገመችላቸው። የመረቡ ነገር በዚያው ቀረ። ያን ቀን ለሁላችንም ቆሮሶ ጠብሰው አበሉን፤ ጣቶቻችን እስኪመሽ ዓሣ ዓሣ ሸተቱ። እንደዚያ ቀን የጠገብኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ጓደኛዬ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አባቷ ባለፈው ክረምት አረፉ። ልጠይቃት ሄጄ ከተማሪዎቿ ኋላ ተቀምጬ ሳያት፣ ሰሌዳው ላይ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ልጆቹ ጮክ ብለው አነበቡላት። እሷም ሐይቁ ወደሚታይበት መስኮት ዞር ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «አላህ ያበርታህ» አለች።

ልጆቹ ለማን እንደሆነ አልጠየቁም። ምርቃት ነውና ሁሉም «አሚን» አሏት።