ለኢድሪስ ያነበብኩበት ክረምት

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ የቀርከሃ አጥር ጥግ ተጠለልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ አሶሳ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ከሩቅ እየመጡ ጎጆ ተጋርተው ከሚኖሩት ተማሪዎች መሆናቸው ነው። አንደኛው አሞት ተኝቷል፤ ሌላው ከጎኑ ቁጭ ብሎ ያመለጠውን ትምህርት ያነብለታል። የታመመው በየመሐሉ «ቆይ፣ እሷን ድገማት» ይላል። ዝናቡ አባርቶም ከዚያ መነሣት አቃተኝ። በእኔ ወጣትነት አሶሳ ይህን ያህል ሰው አልነበረባትም፤ ተማሪ ግን ነበር።

ከደጋ የመጣው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በአገራችን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። አባቴ መንጌ ውስጥ በበጋ ወርቅ ያጥባል፣ በክረምት ማሽላ ያርሳል። «ከልጆቼ አንዱ እንኳ ጀርባው ሳይጎብጥ ይደር» ብሎ አሶሳ አጠገብ ያስተምሩ ወደነበሩ አንድ ሸኽ ላከኝ። ቁርኣኑን በሰፈራችን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የላይኛው ትምህርት ነበር፤ ፊቅህ የሚባለው ሕጉና ነህው የሚባለው የዓረብኛ ሰዋስው። ዕድሜዬ ዐሥራ ስምንት ቢሆን ነው። የማሽላ ዱቄት በጀርባዬ፣ እናቴ በቅል የሞላችልኝን ማር በእጄ ይዤ በእግሬ መጣሁ። ማሩን መንገድ ላይ ጨረስኩት።

እኛ ደረሳዎቹ፣ የሸኹ ተማሪዎች፣ ጠዋት የሸኹን ማሳ እናርማለን፤ ከሰዓት በኋላ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀምጠን እንማራለን። ስንነጋገር በበርታ ቋንቋችን፣ ስንማር በዓረብኛ ነበር። አማርኛን የለመድኩት በኋላ፣ በንግድ ነው፤ ስለዚህ የእነዚያን ሰዎች ቃል እዚህ በአማርኛ ስጽፈው እንደ ተዋሱት ልብስ ቢሰፋባቸው ይቅር ይበሉኝ።

ነህው አልገባ አለኝ። መምህሮቻችን ሁሉ የሚያስተምሩበት አንድ ምሳሌ ነበር፤ «ዘይድ ዐምርን መታ» የሚል። መቺው ማን ነው፣ ተመቺው ማን ነው፣ የቃሉ መጨረሻ ለምን ተለወጠ፤ ሌሎቹ ወዲያው ሲመልሱ እኔ የምመለከተው ዋርካው ላይ ያሉትን ወፎች ነበር። አንድ ቀን ከጎኔ የሚቀመጠውን ኢድሪስን «ይሄ ዘይድ ግን ዐምርን ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚመታው?» አልኩት።

«ዐምር ነህው አልገባው ብሎ ነዋ» አለኝ።

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ከጉባኤው ተባረርኩ። ወዳጅነታችን የጀመረው ከዚያ ነው።

ኢድሪስ ከዳቡስ ወንዝ ዳር የመጣ፣ ከሁላችን የሚበልጥ ደረሳ ነበር። ሸኹ የከበደ ጥያቄ ሲመጣ ዓይናቸው ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ይህ ሰው በዚያው ሰሞን «ና፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣህ አንብብልኝ፤ እኔ እያረምኩህ ትለምዳለህ» አለኝ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ብዬ ገረመኝ። ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ስሳሳት ጉልበቴን ይመታኛል፤ ከዚያ በበርታ፣ በፍየልና በማሽላ እየመሰለ ያስረዳኛል። ትምህርቱ ጥቂት በጥቂት ይገባኝ ጀመር። አልፎ አልፎ እንጨት ሲያደናቅፈው፣ ቆዳውን ሲያሳክከው፣ ሰሌዳውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ አየዋለሁ፤ ግን ምን እንደሆነ ልብ አላልኩም። ያን ጊዜ በወንዙ ዳር ትንንሾቹ ጥቁር ዝንቦች በሚበዙበት አገር ሰው ዓይኑን እንደሚያጣ እናውቃለን፤ የምናውቀው ግን በሽማግሌ ላይ ነበር።

ሰኔ ላይ ነጋዴዎች ከሱዳን አንድ መጽሐፍ ለሸኹ አመጡላቸው። በጣም ደስ ብሏቸው ሁላችንንም ሰበሰቡንና «ኢድሪስ አንብቦ ይክፈትልን» አሉ። ትልቅ ክብር ነበር። ኢድሪስ መጽሐፉን ገልጦ ዝም አለ። ገጹን አዞረ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ምነው ልጄ?» አሉት ሸኹ።

«ሸኼ፣ ወረቀቱ ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ሸኹ መጽሐፉን ከእጁ በቀስታ ተቀብለው ዘጉት።

በማግሥቱ ጠዋት ኢድሪስ ዕቃውን ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አገሩ ሊገባ ነው። ዳቡስ ሞልቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እሱ ደግሞ አያይም። ለመንኩት፤ አልሰማኝም። የሸኹ ባለቤት ሐሊማ፣ ሁላችንም ኡሚ፣ እናቴ፣ የምንላቸው፣ ከማድ ቤት ወጥተው መጡ። አጭር፣ ድምፃቸው ግን የሚያስፈራ ሴት ነበሩ። ጥቅልሉን ነጠቁትና ገንፎና ባሚያ አቀረቡለት።

«ኡሚ፣ አልበላም።»

«የታመመው ዓይንህ ነው፤ አፍህ ምን ሆነ? ብላ!»

በላ። እንባው ገንፎው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ሙሳ፣ በየቀኑ ከዚያ ጎጆ ውስጥ የምትጮኸው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለኢድሪስ እያነበብኩ ነው፣ ኡሚ።»

«እንግዲያ ጩህ። ማን ከለከለህ?»

ኢድሪስ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሸክም ልሆንባችሁ ነው» አለ። ያን ጊዜ ተናደድኩ። «ስለ አንተ ማን አወራ?» አልኩት። «አንተ ከሄድክ እኔ ነገ ወደ ወርቅ ማጠቡ ነው የምመለሰው። ካንተ በቀር አንድ ቃል ያስረዳኝ ሰው የለም። ለራሴ ብዬ ነው።» ኢድሪስ ማንኪያውን አስቀመጠና «ነህውህ በእርግጥም መጥፎ ነው» አለ። አልሄደም።

ያ ክረምት ከሕይወቴ ሁሉ ረጅሙ ነው። አንዱ ደረሳ ልብሱን ያጥብለታል፣ ሌላው ወደ ወንዝ ይወስደዋል፣ እኔ አነብለታለሁ። ኡሚ የቀርከሃ ቡቃያ ቀቅለው በሰሊጥ ይልኩልናል፤ እሱን እየበላን እንከራከራለን። ተስፋ የቆረጠባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እንደዚያ ሲሆን አውቄ ተሳስቼ አነብ ነበር። ሰምቶ ማለፍ አይችልም፤ «እንዴት ያለ ድንጋይ ነህ!» ብሎ ይነሣል።

ማሽላው ሲደርስ እንግዳ ሸኾች መጡና ተፈተንን። እኔ አዲሱን መጽሐፍ አነበብኩ፣ ኢድሪስ አብራራ። መሐል ላይ እንደ ልማዴ ስሳሳት በሁሉም ፊት ጉልበቴን መታኝ፤ ሸኾቹ ሳቁ። በመጨረሻ ለኢድሪስ የማስተማር ፈቃድ ተሰጠው። እኔን «አንድ ዓመት ጨምር» አሉኝ። አፈርኩ። ኢድሪስ «አገሬ የትም አይሄድም» ብሎ ያንን ዓመት አብሮኝ ተቀመጠ።

በኋላ እኔ ነጋዴ ሆንኩ። እሱ ዳቡስ ዳር መድረሳ ከፈተ፤ ባለፍኩ ቁጥር አድሬ እሄድ ነበር። እሱ ዘንድ የመጣ ደረሳ ማንም ብቻውን አይቀመጥም፤ የፈጠነውን ከዘገየው ጋር ያጣምራቸዋል። የታመመ ካለ ጉባኤው ወደ ጎጆው ይሄዳል እንጂ የታመመው ከትምህርቱ አይቀርም። ከሞተ ዓመታት አለፉ።

ማን ማንን እንደረዳ አሁንም አላውቅም፤ ኢድሪስም ቢጠየቅ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ሁሉ ነህው የቀረኝ ጥቂት ነው። ቤቴ ጥቂት መጻሕፍት አሉ፤ ዓይኔም አላህ ይመስገን ገና ያያል። ግን እስከ ዛሬ ብቻዬን ሳነብ ግማሹ የገባኝ አይመስለኝም።